ጥርጣሬም ሕግ አለው

  ልጄ፣ አዲስ ቤት ገብተህ ሰሞኑን በስልክ የጠየቅኸኝ ነገር በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ ተቀምጬ ልጽፍልህ ወደድሁ። በየበሩ መቃን ላይ የቀድሞው ባለቤት የተዋቸው መዙዛዎች፣ በብራና የተጻፉ የኦሪት ቃላት፣ አሉ፤ ማን እንደጻፋቸውና መቼ እንደተሰቀሉ የሚነግርህ ሰው የለም። ከአያትህ የወረስኸው፣ በጸሎት ጊዜ በክንድና በራስ የሚታሰረው ተፊሊንም ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከርሟል። ካሸር (በሕጉ ብቁ) ይሁኑ ፓሱል (የማይበቁ) ሳታውቅ እንዴት እንደምትገለገልባቸው ጨንቆሃል፤ ሁሉንም ነቅለህ አዲስ ለመግዛትም አስበሃል። መጨነቅህን አልነቅፍም። ትእዛዙ ግድ የማይሰጠው ሰው መች ይጠራጠራል?

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ይላሉ አባቶች። ልክ ናቸው። ይሁንና ስንጥር ይኖርበታል ብሎ ገንፎውን የደፋ ሰው ጦሙን ያድራል። የኦሪት ሊቃውንት ይህን ከጥንት ስላወቁት ጥርጣሬን ለሰው ስሜት አልተዉትም፤ ሥርዓት አበጁለት። ሥርዓቱን በአጭሩ ልንገርህና ከዚያ አንድ በአንድ እናየዋለን። መመርመር የሚቻለውን መርምር፤ መመርመር ያልተቻለውን ሕጉ ይፍረደው፤ ሕጉ ከፈረደ በኋላ ልብህን አሳርፈው። ሰነፉ ሳይመረምር ያልፋል፣ ደፋሩ ሳይጠይቅ ይፈርዳል፣ ፈሪው ከተፈረደ በኋላም አያርፍም። አንተ ከሦስቱም እንዳትሆን ነው የምጽፍልህ።

ከመዙዛው እንጀምር። የቀድሞው ባለቤት መዙዛዎቹን በመተዉ አትውቀሰው። ቤት የሚለቅ ሰው መዙዛውን ነቅሎ እንዳይሄድ የሊቃውንት ሕግ በተጻፈበት በታልሙድ፣ ባቫ መጺዓ በሚባለው ክፍል ተከልክሏል። ስለዚህ ደግ ነገር አደረገልህ ብለህ ተቀበለው። ነገር ግን ደግነቱ ለብራናው ምስክር አይሆንም። የግል ቤት መዙዛ በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲመረመር ታዟል፤ የብዙ ሰው የሆነ ቦታ መዙዛ ግን በሃምሳ ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይመረመራል፤ ሕዝብን ማስቸገር ስለማይገባ ነው። አንተ የመጨረሻው ምርመራ መቼ እንደተደረገ አታውቅም። እንግዲህ በሩ ላይ ቆሞ መጨነቅ ምን ይጠቅማል? መፍቻ አምጣና ማኅደሩን በጥንቃቄ አውርደው። ይህን በሰንበት ወይም በበዓል ቀን አታድርገው፤ የሥራ ቀን ምረጥ።

ስታወርደው ምን እንደምታይ ልንገርህ። በማኅደሩ ውስጥ የተጠቀለለ ብራና ታገኛለህ፤ በጀርባው ከአምላክ ስሞች አንዱ ተጽፏል። ቀስ ብለህ ፍታው። በውስጡ ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 እና ምዕራፍ 11 የተወሰዱ ሁለት ክፍሎች በ22 መስመር ተጽፈዋል፤ ፊደሎቹ 713 ናቸው። ብራናውን ወደ መስኮት ይዘህ ብርሃኑ በጎን እንዲያርፍበት ብታዘነብለው፣ ጸሐፊው ሶፌር መስመሩ እንዳይዛነፍበት ያለ ቀለም የጫራቸው ስስ መስመሮች ይታዩሃል። በእጅ የተጻፈው ቀለም በብራናው ላይ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በብራና ፈንታ ወረቀት፣ በብዕር ፈንታ የማተሚያ ቀለም ካገኘህ ምንም ጥርጣሬ የለም፤ ማኅደሩ የቱንም ያህል ቢያምር ውስጡ መዙዛ አይደለም። እንዲህ ያለ የታተመ ወረቀት ለቱሪስት በሚሸጡ ሱቆች ሞልቷል፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይገዛዋል። ብራና ላይም የሚያትሙ ስላሉ፣ ወረቀት አለመሆኑን አይተህ ብቻ ካሸር ነው ብለህ እንዳትደመድም።

በእጅ የተጻፈ ከሆነ ምርመራው ያኔ ይጀምራል። ፀሐይና እርጥበት ቀለሙን ይሰነጣጥቁታል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ይረግፋል። ከ713ቱ ፊደል አንድ እንኳ ከጎደለ መዙዛው ፓሱል ነው። ሶፌሩ የጎደለውን ፊደል ዛሬ ሊጨምርልህ አይችልም፤ መዙዛና ተፊሊን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል መጻፍ አለባቸውና። የኦሪት ጥቅልል (ሴፈር ቶራ) ግን ስህተት ቢገኝበት ሊታረም ይችላል። ይህን የምነግርህ ሶፌሩ «ይህን መጠገን አይቻልም» ሲልህ ገንዘብ ፈልጎ ነው ብለህ እንዳትጠረጥረው ነው።

የፊደሉ መልክስ ቢያጠራጥርህ? «ስማ እስራኤል» በሚለው ቁጥር መጨረሻ ያለውን ቃል ተመልከት። የዕብራይስጡ ዳሌት ሹል ጥግ አላት፤ ሬሽ የተባለችው ፊደል ግን ጥጓ ክብ ነው። የዳሌት ጥግ ከተሸረፈ እግዚአብሔር «አንድ» ነው የሚለው ቃል «ሌላ» ተብሎ ይነበባል። የእምነታችን ሁሉ መሠረት ከአንዲት ፊደል ጥግ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ታዲያ ጥጓ አለ ወይስ የለም የሚለው ሲያጠራጥር ማን ይፍረድ? ታልሙድ በመናኾት ክፍል ሊቁ ራሚ ባር ታምሪ የገጠመውን ይነግረናል። በተፊሊኑ ውስጥ እግዚአብሔር የግብፅን በኩር ሁሉ እንደገደለ በሚናገረው ቃል ላይ ያለችው ዋው እግሯ ተቆርጦ ነበር። ዋው ካጠረች ዮድ ትመስላለች፤ የቃሉም ትርጉም ይገለበጣል። ራቢ ዜራን ቢጠይቀው፣ በጣም ብልህም ሞኝም ያልሆነ ልጅ አምጥቶ እንዲያስነብበው አዘዘው። ልጁ በትክክል ካነበበው ካሸር ነው፤ ካልሆነ ፓሱል ነው።

ይህን ፍርድ ደጋግሜ ሳስበው ይደንቀኛል። ሊቁ ራሱ ለምን አይፈርድም? ሊቅ ቃሉን በቃሉ ስለሚያውቀው ዓይኑ የሌለውን ያያል። ብልህ ልጅም ከዓረፍተ ነገሩ ተነሥቶ ይገምታል። ሞኙ ደግሞ ደህናውንም ፊደል ማንበብ አይችልም። መካከለኛው ልጅ ያየውን ብቻ ይናገራል። ዛሬም በእስራኤል ያሉ ሶፌሮች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥማቸው ፊደል የለየ ሕፃን ጠርተው ያስነብባሉ። ልጅ የሚጠየቀው ግን ስለ ፊደል መልክ ብቻ ነው፤ ሁለት ፊደሎች ተነካክተው ወይም ፊደል ጎድሎ ከሆነ ለዓይን የሚታይ ነገር ስለሆነ አዋቂው ይፈርዳል። በእኛ ዘመን ደግሞ ኮምፒውተር የብራናውን ፎቶ አይቶ የጎደለና የተደገመ ፊደል ይለቅማል፤ የሰው ዓይን የዘለለውንም ያገኛል። ፊደሉ በወጉ መሠራቱን ግን አሁንም የሚያየው የተማረ ሰው ነው። ሁለቱም ቢያዩት መልካም ነው።

ሶፌሩ «ካሸር ነው» ካለህ እመነው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ የአንድ ታማኝ ሰው ቃል እንደሚበቃ ሊቃውንት ወስነዋል፤ ሁለት ምስክር ፍለጋ አገር ማዳረስ አይጠበቅብህም። ጥንቃቄህ ሶፌሩን ስትመርጥ ይሁን፤ የተፈተነ፣ ፈቃድ ያለው፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው መሆኑን የሰፈርህን ራቢ ጠይቅ።

መልሰህ ስትሰቅል ሌላ ጥርጣሬ ይመጣብሃል። መዙዛ ወደ ቤት ሲገባ በቀኝ በኩል፣ በበሩ ቁመት የላይኛው ሲሶ መጀመሪያ ላይ ይሰቀላል። የውጪው በር ቀላል ነው። በሳሎንና በመኝታ ቤት መካከል ባለው በር፣ ወይም ከሁለት ክፍል በሚገባበት በር ግን «መግቢያው» የቱ ነው? ሲያጠራጥርህ ማጠፊያውን እይ ይላል ሕጉ፤ በሩ ወደሚከፈትበት ወገን ያለው ክፍል እንደ ውስጥ ይቆጠራል። ትንሿን የዕቃ ክፍልህን ደግሞ ለካት። አራት ክንድ በአራት ክንድ፣ ማለትም በግምት ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ያልሞላች ክፍል በመሠረቱ መዙዛ አይጠበቅባትም። ልኳ ቢያጠራጥርህ ስቀል፤ ቡራኬ ግን አትበል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ አያትህ ተፊሊን። እዚህ ላይ ሕጉ ከመዙዛው ይለያል። ተፊሊን በአንድ ወቅት ካሸርነቱ ከታወቀና ባለቤቱ በየቀኑ የሚያስረው ከሆነ፣ ብራናውን የያዙት ሣጥኖች፣ ቤቶቹ፣ ደህና እስካሉ ድረስ መመርመር አያስፈልገውም። ታላቁ የሕግ ሊቅ ራምባም እንዲህ ፈርደዋል፤ ሹልኻን ዓሩኽ የተባለው የሕግ መጽሐፍም እንዲሁ። ከጥንት መምህራን አንዱ የእናቱ አባት የነበረውን ተፊሊን ሳይከፍት ያስር እንደነበረና ይህንኑ እንደ ማስረጃ እንዳቀረበ ተጽፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትናንት ደህና መሆኑ የታወቀ ነገር፣ ተለውጧል የሚያሰኝ ምልክት እስካልመጣ ድረስ ዛሬም ደህና ነው። ይህን መሠረት ያዘው፤ ሕይወትህን ሙሉ ይጠቅምሃል። ጥርጣሬ ሁሉ እኩል አይደለም። ምልክት ያለው ጥርጣሬ አለ፤ ከባዶ የመጣ ጥርጣሬም አለ።

የአያትህ ተፊሊን ግን ለዓመታት ሳይታሰር ቆይቷል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚታሰር ተፊሊን ሻጋታ ሊበላው ስለሚችል እንደ መዙዛው በሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ ይመረመራል። ስለዚህ ወደ ሶፌር ውሰደው። እስከዚያው አንተ ራስህ የምታየው ነገር አለ። ጠፍሩ በአንድ በኩል ሙሉ በሙሉ ጥቁር መሆን አለበት፤ ማጠንጠኛው አጠገብ፣ ብዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ይታያል ወይ? የቤቶቹ ማዕዘኖች አልተጨፈለቁም ወይ? አራት ማዕዘን መሆናቸው ከሲና ጀምሮ የተላለፈ ሕግ ነው። ስፌቱንም አየት አድርገው፤ ግን ራስህ እንዳትፈታው። ቤቱን ከፍቶ፣ አራቱን የብራና ክፍል አውጥቶ፣ ወደየቦታቸው መልሶ መስፋት የባለሙያ ሥራ ነው። በችኮላ የተከፈተ ተፊሊን ደህና የነበረው ይበላሽበታል።

መመርመር የማይቻል ነገር ሲገጥምስ? ሊቃውንት እዚህ ላይ ብዙ ደክመዋል። ሁሉም የሚማረውን ምሳሌ ልንገርህ። በአንድ ከተማ ዘጠኝ ሱቆች ካሸር ሥጋ ይሸጣሉ፤ አንዱ የማይፈቀድ ሥጋ ይሸጣል። በመንገድ ላይ ሥጋ ወድቆ ቢገኝ እንደ ብዙዎቹ ሱቆች ይቆጠራል። ነገር ግን ሰውየው ራሱ ከአንዱ ሱቅ ገዝቶ ከየትኛው እንደገዛ ቢረሳ፣ ብዛት አይረዳውም፤ ግማሽ በግማሽ እንዳጠራጠረ ይቆጠራልና ሥጋውን አይበላም። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ፍርዱ ለምን ሁለት ሆነ? በመጀመሪያው ሥጋው ከቦታው ከተለየ በኋላ ነው ጥርጣሬው የተወለደው፤ በሁለተኛው ግን ጥርጣሬው የተወለደው ሱቁ ውስጥ፣ ነገሩ በቋሚ ቦታው ሳለ ነው። እንግዲህ ስትጠራጠር «ምን ያህል ይሆናል?» ከማለትህ በፊት «ጥርጣሬው የት ተወለደ?» ብለህ ጠይቅ። ደግሞም መመርመር በሚቻልበት ቦታ ወደ ብዛት አንሄድም። ከስምንት መዙዛህ አንዱ ፓሱል መሆኑ ተነግሮህ የቱ እንደሆነ ቢጠፋብህ፣ ሰባቱ ደህና ናቸው ብለህ አትለፍ፤ ስምንቱንም መልሰህ አሳይ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ያልተፈታ ጥርጣሬ ቢቀር ሚዛኑ እንዲህ ነው። ጉዳዩ ከኦሪት የመጣ ትእዛዝ ከሆነ ወደ ጥንቃቄ አዘንብል፤ ከሊቃውንት የመጣ ከሆነ ወደ ማቅለል አዘንብል። ስለ ሾፋር፣ ስለ ቀንደ መለከቱ፣ የተነገረው ይህን ያሳይሃል። በአዲስ ዓመት በዓል፣ በሮሽ ሃሻና ቀን፣ ሁለት ከተሞች አሉ፤ በአንዱ የዕለቱን ጸሎት በሥርዓቱ የሚያደርስ እንዳለ በእርግጥ ይታወቃል፤ በሌላው ሾፋር የሚነፋ ይኖር ይሆናል፣ ላይኖርም ይችላል። ወደ የትኛው ይኬድ? ታልሙድ ሾፋር ወደሚያጠራጥርበት ከተማ ሂድ ይላል። ሾፋር መስማት የኦሪት ትእዛዝ ነው፤ ያ ጸሎት ግን የሊቃውንት ሥርዓት ነው። የኦሪቱ ጥርጣሬ ከሊቃውንቱ እርግጠኛነት በለጠ። ቡራኬም እንዲሁ የሊቃውንት ሥርዓት ስለሆነ፣ ባጠራጠረ ጊዜ የአምላክን ስም በከንቱ ላለመጥራት ይቀራል። ለዚህ ነው ለትንሿ ክፍል መዙዛውን ስቀል፣ ቡራኬውን ተው ያልሁህ። አንዱ እጅህ ይጠነቀቃል፣ አንዱ ያቀላል፤ ሁለቱም ለአንዱ አምላክ ክብር ነው።

ሌላ ዓይነት ጥርጣሬም አለ፤ ዕቃው ታውቆ ሕጉ ራሱ የሚያከራክርበት። በተፊሊን ውስጥ ያሉት አራት ክፍሎች በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀመጡ ታላቁ ሊቅ ራሺና የልጁ ልጅ ራቤኑ ታም አልተስማሙም። ራሺ በ1105 ነው ያረፈው፤ ክርክሩ ግን እስካሁን አለ። እስራኤል ሁሉ እንደ ራሺ ያስራል፤ በቅድስና የታወቁ ሰዎች ደግሞ ለጥንቃቄ ሁለቱንም ያስራሉ። ሹልኻን ዓሩኽ ሁለተኛውን ተፊሊን ለታወቁ ጻድቃን ብቻ መፍቀዱን ልብ በል። ትናንት ተፊሊን ማሰር የጀመረ ጎልማሳ ሁለት ጥንድ ይዞ ቢቆም ጥንቃቄ አይባልም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚባለው ለዚህም ይሆናል። ከልብስ ማዕዘን በሚንጠለጠለው ዘርፍ፣ በጺጺት፣ ላይ ያለው ሰማያዊ ክርም እንዲሁ ነው። ቀለሙ ከየትኛው የባሕር ፍጥረት እንደሚወጣ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ነበር። በ1880ዎቹ የራድዚኑ ራቢ ገርሾን ሄኖኽ ላይነር አገኘሁት አሉ፤ በኋላ ሌሎች ወደ ባሕር ቀንድ አውጣ አዘነበሉ፤ ዛሬም የሚያስሩ አሉ፣ የማያስሩም አሉ። ነገር ግን ሰማያዊው ባይኖር ነጩ ክር ብቻውን ትእዛዙን እንደሚፈጽም ሚሽና አስቀድሞ ተናግሯል። ያልተፈታው ነገር ያለህን ትእዛዝ እንዳያስጥልህ።

ልጄ፣ የልብህን ደግሞ አውቃለሁ። «ቅድመ አያቶቼ በኢትዮጵያ፣ በአምቦበርና በወለቃ መንደሮች፣ መዙዛም ተፊሊንም አልነበራቸውም፤ ትእዛዛቸው ጎደሎ ነበር ማለት ነው?» የሚል ሐሳብ ይመላለስብሃል። እንዲህ አትበል። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል ታልሙድ አልደረሳቸውም፤ በእጃቸው የነበረው በግዕዝ በብራና የተጻፈ ኦሪት ነበር፤ ቄሶቻችን ያነቡት ነበር፣ ሕዝቡም ይኖረው ነበር። ሰንበት ገብቶ በቤታቸው እሳት አይታይም ነበር። ከሌላ እምነት ሰው ጋር ተነካክቶ የመጣ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይነከር ወደ መንደሩ አይቀላቀልም ነበር። ሲያጠራጥር ወደ ጥንቃቄ ማዘንበልን ማንም ሳያስተምራቸው ኖረውበታል። ያልደረሳቸውን ትእዛዝ ባይፈጽሙ ማን ይወቅሳቸዋል? የደረሳቸውን ግን በሕይወታቸው ጠብቀው አቆይተውልናል። አንተ ዛሬ መዙዛ ስትሰቅል የእነርሱን ጎደሎ እየሞላህ አይደለም፤ ሥራቸውን እየቀጠልህ ነው። ቄሱንና ራቢውንም አታፎካክር። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 17 ነገር ሲከብድብህ ተነሥተህ በዚያ ዘመን ወዳለው ፈራጅ ሂድ ይላል። በዘመንህ ያለውን ሊቅ በትሕትና ጠይቅ፤ የአባቶችህንም ክብር ይዘህ ጠይቅ።

ምርመራው ሲያልቅ ፓሱል የሆነውን ምን ታደርገዋለህ? የተጻፈበት ብራና ወደ ቆሻሻ አይጣልም፤ ያረጁ ቅዱሳት ጽሑፎች ወደሚከማቹበት ገኒዛ ይገባል፣ ከዚያም ይቀበራል። ብራናውን የያዘው ማኅደር፣ የተፊሊኑ ከረጢትና ጠፍርም ቅዱሱን ነገር ስላገለገሉ እንዲሁ ይከበራሉ። ትእዛዝ ብቻ የተፈጸመባቸው ነገሮች፣ እንደ ሱካ ዳስ እንጨት፣ እንደ ሉላቭ ዘንባባና ያረጀ ጺጺት፣ ሥራቸው ካበቃ በኋላ መጣል ይቻላል፤ በንቀት ግን አይደለም። አንድ ዕቃ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ካጠራጠረህ ወደ ገኒዛ አስገባው፤ ምንም አይጎዳህም። በካይሮ የቤን ዕዝራ ምኩራብ ሰዎች ያረጀ ጽሑፍ ላለመጣል በማከማቸታቸው ነው ዛሬ ዓለም ስለ መካከለኛው ዘመን አይሁድ ብዙ ያወቀው። ሊቁ ሰሎሞን ሼክተር በ1897 ያንን ክምችት ሲያነሣ የራምባም የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር ተገኝቶበታል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልንገርህ። ይህ ሁሉ የምርመራ ሥርዓት የተሰጠው ለዕቃ ነው። ብራናን ብትጠረጥረው አይከፋውም፤ ሰው ግን ይከፋዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የነበሩት ታላቁ ሊቅ ራድባዝ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ እንደሆኑ ጽፈዋል። በ1973 የእስራኤል ዋና ራቢ የነበሩት ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በዚያ ላይ ተመሥርተው አይሁድነታችንን በማያሻማ ቃል ፈረዱ። እንዲህም ሆኖ ወገኖቻችን በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል ሲገቡ «ለጥርጣሬ ያህል» ወደ መንጻት ውሃ ግቡ ተባሉ። ለዕቃ የሚሆን ጥንቃቄ በሰው ላይ ሲደረግ ምን እንደሚያደርስ ያየነው ያኔ ነው። ረሃብና በረሃ አቋርጠው፣ ልጆቻቸውን በሱዳን ቀብረው የመጡ ሽማግሌዎች በልጆቻቸው ፊት ተጠራጣሪ ዓይን አረፈባቸው። በ1985 ሕዝባችን በኢየሩሳሌም አደባባይ ሰንብቶ የተቃወመው ክብሩ ስለተነካ ነበር፤ ልክም ነበር። ያው ሕግ ባልንጀራን በቃል ማስጨነቅን ከገንዘብ ማጭበርበር አብልጦ ይከለክላል። ስለዚህ ወደ ሰው ቤት ስትገባ የበሩን መዙዛ ሳም፤ ካሸር መሆኑን አትመርምር። የባልንጀራህን ተፊሊን ዋጋ አትጠይቅ። ነውር ብታይ ለብቻው፣ በለሆሳስ ንገረው፤ የምትረዳበት ገንዘብ ካለህም አብረህ ግዛለት።

የመጨረሻው ነገር። ጥርጣሬ አንዳንዴ ከሕግ ወጥቶ በሽታ ይሆናል። ሶፌሩ ካሸር ነው ካለው በኋላ ወደ ሌላ ሶፌር፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው የሚሄድ ሰው አለ። ቡራኬውን «አልኩ ይሆን?» እያለ የሚደጋግም፣ ጠፍሩን እየፈታ እንደገና የሚያስር አለ። በቤተሰብ ላይ መቅሠፍት ሲመጣ መዙዛው ነው ያመጣው እያለ ሐዘንተኛን የሚያስፈራራም አለ፤ እንዲህ ካለው ራቅ። ራምባም መዙዛን እንደ ክታብ የሚቆጥሩትን አጥብቀው ነቅፈዋል፤ መዙዛ የአምላክን አንድነት የሚያስታውስ ትእዛዝ ነው፤ የታመመ ሰው ደግሞ ሐኪም ይታይ። ሕጉ «እረፍ» ሲልህ አለማረፍ በራሱ አለመታዘዝ ነው። ጭንቀቱ አልለቅ ቢልህ ለራቢው ብቻ ሳይሆን ለሐኪምም ንገር፤ ይህ አያሳፍርም።

ከሮሽ ሃሻና በፊት ያለው የኤሉል ወር እየመጣ ነው። ተፊሊንና መዙዛ በዚህ ወር ማስመርመር የብዙዎች ልማድ ነው። ሳታስተላልፈው መዙዛዎቹን አውርድ፣ የአያትህን ተፊሊን ከመሳቢያ አውጣ፣ ወደ ሶፌር ውሰዳቸው። ቤትህ ያለ መዙዛ እንዳይቆይ ቶሎ እንዲመልስልህ ንገረው፤ ትርፍ መዙዛ ካገኘህ እስከዚያው በዋናው በር ስቀል። ፓሱል የተባለውን ቅበር፣ ካሸር የተባለውን ስቀል፣ ተፊሊኑን በአያትህ ስም እሰረው። ከዚያ ወዲያ አትጠራጠር። የመረመረና የጠየቀ ሰው የሚጠበቅበትን አድርጓል።